«መስኮቱን ክፈተው!» – እርጥብ ቤዝመንትና የተሳሳተው ምክራችን

በየምግብ ቤቱና በየእንጀራ መሸጫው ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች መካከል ከዓመት እስከ ዓመት የማይጠፋ አንድ አለ። «የራሱ መግቢያ ያለው ቤዝመንት ይከራያል። ለሜትሮ ቅርብ ነው። መብራትና ውሃ ኪራዩ ውስጥ የተካተተ። ለላጤ ብቻ።» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ እየተቀደደ እንዲወሰድ ተቆራርጦ ይንጠለጠላል። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወገኖቻችን መካከል ወደዚህ አገር ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ወራት፣ ሲብስም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት፣ በእንዲህ ዓይነቱ ምድር ቤት ያሳለፈው ጥቂት አይደለም። ቤት ከገዛን በኋላም ቢሆን ቤዝመንት ትልቁ መጠጊያችን ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ የሚያርፈው እዚያ ነው። የድግሱ ድስት፣ የክርስትናው ወንበር፣ የጤፉ ከረጢትና የበርበሬው ጣሳ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ብዙ ጊዜ የሚጣደው እዚያው ነው።

ስለ ቤዝመንት ሽታ ግን አንነጋገርም። እንግዳ ሊመጣ ሲል ዕጣን እናጨሳለን፣ ሽታ ማጥፊያ እንረጫለን፣ ከዚያም በሩን ዘግተን ወደ ላይ እንወጣለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ እኔም የቤቴን በሽታ አንድ ሙሉ ሰመር ደብቄ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁትም ሌላው ወገኔ በእኔ ስሕተት እንዲማር በማሰብ ነው።

በእኛ ቤት የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ የጡብ ቤት ገዛን። ቤዝመንቱ አንድ መኝታ ክፍል፣ ሻወርና አነስተኛ ሳሎን አለው። የቤቱን ዕዳ ለመክፈል እንዲያግዘን ክፍሉን ለአንድ አዲስ ገብ ወጣት አከራየነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። የቀረውን ቦታ ደግሞ ለዕቃ ማስቀመጫ አደረግነው። እናቴ በእጃቸው ፈትለው ያሠሩልኝ ጋቢ በሻንጣ ሆኖ እዚያ ተቀመጠ። በስደት ዘመን ስንጽፍባቸው የኖርናቸው ጋዜጦችና መጽሔቶች ቅጂም በአራት ካርቶን ታጭቆ ወለሉ ላይ ተደረደረ። ብዙዎቹ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው።

በሰኔ ወር ልጁ ደረጃው ላይ አገኘኝና እያፈረ፣ «ጋሼ፣ ክፍሉ ትንሽ ይሸታል መሰለኝ» አለኝ። እኔም እናቴ ስትል የሰማሁትን ደገምኩለት፦ «መስኮቱን ክፈተው፤ ቤት አየር ይፈልጋል!» ከፈተው። ሐምሌን ሙሉ ቀንም ሌሊትም ክፍት ሆኖ ከረመ። ሽታው ግን ባሰበት። ልጁ ግን ዳግመኛ አልነገረኝም። የኪራዩን ርካሽነት እያሰበ፣ ይሉኝታም ይዞት፣ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝምታውን «ተሻለው» ብዬ ተረጎምኩት።

በነሐሴ መጨረሻ ለአንድ ጽሑፍ የድሮ ቅጂ ፈልጌ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ካርቶን ሳነሣ ሥሩ እንደ ራሰ ዳቦ ተቦዶሰና እጄ ላይ ቀረ። ጋዜጦቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ጠርዛቸው ላይ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ሻንጣውን ስከፍት ጋቢው ጥለቱ ድረስ ነጠብጣብ ሆኗል። ዘወር ስል ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያስላል። «ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው «ቆይቷል ጋሼ፤ ሐኪሙም የምትተኛው የት ነው ብሎ ጠይቆኛል» አለኝ። ልጁ በልጅነቱ አስም ነበረበት። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ ጠይቄውም አላውቅም።

የሚያሳፍረው ነገር ሌላ ነው። በግንቦት ወር ገበያ ወጥቼ ዲሂዩሚዲፋየር የሚባለውን እርጥበት መጣጭ ማሽን አይቼው ነበር። ዋጋው ከ200 ዶላር ከፍ ይላል። «ይህ ደግሞ መብራት ይበላል» ብዬ ትቼው ተመለስኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

መስኮት መክፈቱ ለምን አልጠቀመም?

የእናቴ ምክር ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ምክሩን ካለ አገሩ ማምጣቴ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አየሩ ይደርቃል፤ ፍራሽ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት፣ በርና መስኮት ከፍቶ ቤት ማናፈስ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነው። «በጋ» የምንለው ቃል ራሱ ደረቅ ወራት ማለት ነው። የዋሽንግተንና የአካባቢው ሰመር ግን ሙቀቱ እንጂ ድርቀቱ የበጋ አይደለም። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ባይኖር እንኳ አየሩ በውሃ ትነት የተሞላ ነው። ከቤት ስንወጣ ሸሚዛችን ሰውነታችን ላይ የሚጣበቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ አየር ቤዝመንት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሁን ይህን ጋዜጣ ይዘው በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ከማቀዝቀዣ የወጣ የቢራ ወይም የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ካለ ልብ ይበሉ። ከላዩ ላይ የሚንቆረቆረው ላብ ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም። ሞቃቱ የክፍሉ አየር የቀዘቀዘውን መስታወት ሲነካ የተሸከመውን ትነት መያዝ አቅቶት የጣለው ውሃ ነው። የቤዝመንት ግድግዳና ወለልም እንደዚያ ጠርሙስ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ በሰመርም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል።

በቁጥር እንየው። ሞቃት አየር ብዙ ትነት ይይዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት ይይዛል። አየሩ መያዝ ከሚችለው ትነት ምን ያህሉን እንደያዘ የሚነግረን መለኪያ አንጻራዊ እርጥበት ይባላል፤ በመቶኛ ይነገራል። ውጭ 85 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀትና 60 ከመቶ እርጥበት ቢኖር ለሰመር የተለመደ ቀን ነው። ያው አየር በመስኮት ገብቶ በቤዝመንቱ ውስጥ ወደ 70 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ 98 ከመቶ ይወጣል። ከዚያ ትንሽ የበለጠ የቀዘቀዘ ግድግዳ ወይም ቧንቧ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እንግዲህ እኔ ሐምሌን ሙሉ መስኮት ከፍቼ «ሳናፍስ» የነበረው ቤቱን ሳይሆን የውጩን ውሃ ወደ ቤት ሳስገባ ነበር ማለት ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 ከመቶ በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ30 እስከ 50 ከመቶ ባለው መካከል እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ያድጋል፤ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችም በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ ይራባሉ። ሁለቱም አፍንጫ ይዘጋሉ፣ ያስላሉ፣ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያስነሡበት ይችላሉ። እርጥበቱን የሚለካ ትንሽ ሰዓት መሳይ መሣሪያ ከ15 ዶላር ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል። ማንኛውም ቤዝመንት ያለው ወገናችን በመጀመሪያ ሊገዛው የሚገባው ይህንን ነው። አፍንጫችን ሽታውን ይለምደዋል፤ መለኪያው ግን አይለምድም።

በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

ማሽን ከመግዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ እርጥበቱ ከአየር ነው ወይስ ከአፈር? የሚለው ነው። ከአፈር በግድግዳ በኩል የሚሰርግ ውሃ ካለ ማሽኑ ቀን ከሌሊት ቢሠራ ወንዝ በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው።

ቀላል መፈተኛ አለ። በግድግዳው ወይም በወለሉ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ወይም የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ለሁለት ቀን ያህል ይተዉት። ውሃው ከፊት ለፊት፣ በክፍሉ በኩል፣ ከወጣ እርጥበቱ ከአየር ነው። ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል፣ ከሆነ ግን ከአፈር ነው። በግድግዳው ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት መታየቱም ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ ሲተን ጨዉን ትቶ እንደሄደ ያመለክታል።

ከአፈር የሚመጣው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጣራችን ነው። አንድ ኢንች ዝናብ 1,000 ካሬ ጫማ በሆነ ጣራ ላይ ሲወርድ ከ620 ጋሎን በላይ ውሃ ይሆናል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ከሆነ፣ ወይም የአሸንዳው መውረጃ ቧንቧ ውሃውን ከቤቱ ሥር የሚያፈስስ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ጋሎን የሚወርደው ወደ መሠረቱ ነው። የእኛን ቤት ስንመለከት የኋለኛው መውረጃ ቧንቧ ተነቅሎ ውሃው የሚፈስሰው በትክክል ከልጁ መኝታ ክፍል ግድግዳ ሥር ነበር። የማስቀጠያው ቧንቧ ዋጋ ከአንድ ክትፎ ዋጋ አይበልጥም ነበር።

ስለዚህ አሸንዳውን በፀደይና ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ይጥረጉ። መውረጃውን ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ስድስት ጫማ ያርቁት። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ወደ ቤቱ ሳይሆን ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቀዝቅ፤ በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች ውስጥ ስድስት ኢንች ያህል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃ የሚገባ ከሆነ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከቤት ውስጥ የሚመነጭ እርጥበትም አለ። የልብስ ማድረቂያው ቱቦ ተነቅሎ ትነቱ እዚያው የሚቀር ከሆነ፣ ልብስ በገመድ ቤዝመንት ውስጥ የሚሰጣ ከሆነ፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ አርባና ሃምሳ እንጀራ የሚጋገር ከሆነ፣ ያ ሁሉ እንፋሎት ግድግዳው ላይ ያርፋል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ምጣዱን ሲጥዱ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ቢኖር፣ ከሌለም ማሽኑን በዚያው ሰዓት ማስነሣት ይጠቅማል።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል? የትኛውስ ይገዛ?

ዲሂዩሚዲፋየር የፍሪጅ ዘመድ ነው። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ስቦ በቀዘቀዘ ቱቦ ላይ ያሳልፈዋል። ትነቱ ልክ በጠርሙሱ ላይ እንዳየነው ውሃ ሆኖ ወደ ባልዲው ይንጠባጠባል። የደረቀው አየር በሞቀው ቱቦ ላይ አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በዚህ የተነሣ ክፍሉ ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ይህ ብልሽት ስላልሆነ አይደንግጡ።

ማሽኖቹ የሚመዘኑት በቀን ስንት ፓይንት ውሃ እንደሚያወጡ ነው። ስምንት ፓይንት አንድ ጋሎን ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የመመዘኛው ሕግ ተለውጧል። ቀድሞ በ80 ዲግሪ ሙቀት ይፈተሹ የነበሩት ተንቀሳቃሽ ማሽኖች አሁን የቤዝመንትን ቅዝቃዜ በሚመስል በ65 ዲግሪ ይፈተሻሉ። ስለዚህ ድሮ «70 ፓይንት» ይባል የነበረው ዛሬ ወደ 50 ገደማ፣ «50» የነበረው ወደ 35፣ «30» የነበረው ወደ 20 ገደማ ተብሎ ይሸጣል። ጎረቤትዎ «የእኔ 70 ነው» ቢልዎት የእርስዎ አዲሱ 50 ያንሳል ማለት አይደለም። ለአንዲት ትንሽ ክፍል አነስተኛው ይበቃል። ለመላው ቤዝመንት ግን ትልቁን መግዛት ይሻላል፤ ትልቁ ቶሎ አድርቆ ያርፋል፣ ትንሹ ያለ ዕረፍት ሲሮጥ ይውላል። ኢነርጂ ስታር የሚል ምልክት ያለበት ቢሆን መብራት ይቆጥባል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ የሚከተሉትን ያስታውሱ፦

መስኮቱንና የውጭ በሩን ይዝጉ። መስኮት ከፍቶ ማሽኑን ማስነሣት የሲልቨር ስፕሪንግን አየር በሙሉ ለማድረቅ መሞከር ነው። ማናፈስ የሚፈልግ ሰው በክረምት፣ የውጩ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነበት ጊዜ፣ ቢከፍት ይሻላል።

ማሽኑን ከግድግዳና ከመጋረጃ አርቀው ያስቀምጡ፤ አየር መሳብና መትፋት አለበት። መጠኑን 50 ከመቶ ላይ ያድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግድግዳውና ዕቃው የጠጡትን ውሃ ስለሚተፉ ባልዲው ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ባልዲው ሲሞላ ማሽኑ ራሱ ይቆማል። ብዙ ቤት «አልሠራም» የሚባለው ባልዲውን የሚደፋ ሰው ስለጠፋ ነው። በወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ካለ ከማሽኑ ጀርባ ተራ የአትክልት ውሃ ጎማ አያይዞ ወደዚያ ማፍሰስ ይቻላል። ባልዲ መድፋትም ያኔ ይቀራል። የወጣው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ለመጠጥም ለቡናም አይሆንም።

ማጣሪያውን በየጥቂት ሳምንቱ አውጥተው አቧራውን ያጥቡ። ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩ፤ በኤክስቴንሽን ገመድ አይቀጥሉት። ክፍሉ ከ65 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ተራው ማሽን በረዶ ሊሠራበት ይችላል። ቱቦው ላይ በረዶ ካዩ አጥፍተው እስኪቀልጥ ይተዉት፤ ቤዝመንትዎ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ከሆነ በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ ዓይነት ይምረጡ።

ስለ መብራቱ ሂሳብ የፈራሁትን ልንገራችሁ። 500 ዋት የሚፈጅ ማሽን በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 15 ሣንቲም ቢሆን በቀን 90 ሣንቲም፣ በወር 27 ዶላር ነው። የራስዎን ዋጋ ከሂሳብ ወረቀትዎ ላይ አይተው ያባዙት። እኔ ይህን ለመቆጠብ ስል የጣልኩት ምንጣፍና ፍራሽ ብቻ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ነው።

አሮጌ ማሽን ሲገዙ ይጠንቀቁ

ርካሽ ዕቃ ፍለጋ ያርድ ሴል መሄድ የሁላችንም ልማድ ነው። ዲሂዩሚዲፋየር ግን እንደ ወንበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሪ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው፣ በልዩ ልዩ የንግድ ስም የተሸጡ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ማሽኖች በእሳት አደጋ ምክንያት ከገበያና ከየቤቱ እንዲሰበሰቡ ተጠርተዋል። በ2016 ሚድያ የሠራቸው ወደ 3.4 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ ኒው ዋይድቴክ የሠራቸው ወደ ሁለት ሚሊዮን ማሽኖች በተመሳሳይ ምክንያት ተጠርተዋል። ማሽኑ ሰው በተኛበት ክፍል ሌሊቱን የሚሠራ መሆኑን ያስቡ። ቤትዎ አሮጌ ማሽን ካለ ወይም ከሰው ከገዙ፣ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘው ወደ ፌዴራሉ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን በ1-800-638-2772 ይደውሉ፤ ወይም እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅዎ የኮሚሽኑን የመጥሪያ ዝርዝር ይይልዎት። ከተጠራ ወዲያውኑ ይንቀሉት።

ሻጋታው ከወጣ በኋላ

የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አይይዘውም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ከዚያ ካለፈና ሻጋታ ከያዘ ግን ማሽኑ ብቻውን አያጠፋውም። ሻጋታው ሲደርቅ ይተኛል እንጂ ከቦታው አይነሣም፤ የደረቀውም ቢሆን ያስነጥሳል፣ ያስላል። መወገድ አለበት።

ሻጋታው የያዘው ቦታ ከ10 ካሬ ጫማ፣ ማለትም በግምት ሦስት ጫማ በሦስት ጫማ ከሆነ ቦታ፣ ካልበለጠ ራስዎ ማጽዳት ይችላሉ። ኤን-95 የተባለውን የአፍ መሸፈኛና ጓንት አድርገው ጠንካራውን ግድግዳ በሳሙናና በውሃ ፍቀው በደንብ ያድርቁት። በረኪና የግድ አያስፈልግም። ከተጠቀሙም ከአሞኒያ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የሻገተ ምንጣፍ፣ ስፖንጅ ፍራሽና የራሰ ድራይዎል ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል። በሻጋታው ላይ ቀለም መቀባትም ዕጣን ከማጨስ አይለይም። የሻገተ ዱቄትና በርበሬም በእሳት ይነጻል ብለው አይጠቀሙበት፤ አንዳንዱ የሻጋታ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርገው፣ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት።

አከራይና ተከራይ

ይህ ጉዳይ የቤት ዕቃ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በምድር ቤታችን የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ያልተፈታ፣ ሌላ ቤት ለመከራየት ታሪክ ያላበጀ፣ ከአከራዩ ጋር ላለመጣላት የሚታገስ ወገን። አከራዩ «መብራት አትፍጅ» ሲለው ማሽኑን ያጠፋል። ሲያስለውም ብርድ ነው ይላል።

ለተከራዮች፦ ሽታ ወይም ሻጋታ ካዩ ይሉኝታውን ትታችሁ ተናገሩ፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ። የስልክ መልእክትም ቢሆን ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ፎቶግራፍም አንሡ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአየር ጥራት ሕግ መሠረት አከራይ ስለ ሻጋታ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሲደርሰው በሰባት ቀናት ውስጥ መመርመር፣ ሻጋታ ካገኘም በ30 ቀናት ውስጥ ማስወገድ ይኖርበታል። በቨርጂኒያ ሕግ ተከራይ ሲገባ በሚሰጠው የቤቱ ሁኔታ መግለጫ ላይ በዓይን የሚታይ ሻጋታ መኖር አለመኖሩ መጻፍ አለበት፤ ተከራዩም እርጥበት ሲያይ ቶሎ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ደግሞ 311 ደውላችሁ የቤት ቁጥጥር ክፍሉን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለአከራዮች፣ ማለትም ለእኔ ብጤዎች፦ ማሽኑን የመግዛትም ሆነ መብራቱን የመክፈል ኃላፊነት የእኛ ነው። ሰው ከማስገባታችን በፊት መለኪያውን አስቀምጠን አንድ ሳምንት እንይ። ለሚገባውም ሰው ባልዲው እንዴት እንደሚደፋ፣ ጎማው ወዴት እንደሚፈስስ እናሳየው። «አስም አለብህ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይጨመር። እስካሁን የተናገርነው ስለ እርጥበት እንጂ ስለ ጎርፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በአይዳ አውሎ ነፋስ ቅሪት ዝናብ ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ የሞቱት በቤዝመንት መኖሪያዎች ነው። የመኝታ ክፍሉ ሰው የሚያስወጣ መስኮት ወይም ሁለተኛ በር ከሌለው፣ ምንም ያህል ደረቅ ቢሆን፣ ሰው ሊተኛበት አይገባም። ወለሉ ላይ ውሃ ከተኛም በውሃ ውስጥ ቆመው ማሽንም ሆነ ሶኬት አይንኩ።

ዛሬ ቤታችን ምን ይመስላል?

የመውረጃውን ቧንቧ አስቀጠልን። የሻገተውን ግድግዳ አጥበን፣ ምንጣፉን አውጥተን ጣልን። ለልጁ አዲስ ፍራሽ ገዛን፤ ግድግዳው ደርቆ እስኪያልቅ ድረስም ላይ ከእኛ ጋር፣ ሳሎን ውስጥ ተኛ። ማሽኑ በገባበት ቀን መለኪያው 79 ከመቶ ያሳይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁና እኔ ባልዲውን በፈረቃ ስንደፋ ሰነበትን። በሁለት ሳምንቱ 52 ላይ ደረሰ፤ ዛሬ ከ50 አይወጣም። ሳሉ ቀስ በቀስ ቀለለለት።

ከአራቱ ካርቶን ሁለቱን አጣሁ። የተረፉትን ቅጠል በቅጠል ለያይቼ በማሽኑ አጠገብ አደረቅኋቸው፤ አሁን ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ጋቢው ታጥቦ ፀሐይ መትቶታል፤ ነጠብጣቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። እናቴ በስልክ «ጋቢው እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» እላቸዋለሁ።

ልጁ ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። ባለፈው ሰመር፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ የአገሩ ልጅ ሊጠይቀው መጥቶ ኖሮ ድምፁ ወደ ላይ ይሰማኛል። እንግዳው «ኧረ ይሞቃል፣ መስኮቱን ክፈተው!» ይላል። ልጁ ደግሞ «ተው፣ ተው፣ አይከፈትም፤ ጋሼ ይቆጡናል» አለው።

ሰመሩ ሳይገባ ሁላችንም ወደ ቤዝመንታችን እንውረድ፤ እንመልከት፤ እናሽትት። ቸር ይግጠመን።